ከተሳቢ ቤት ጋራ በባሕር ማዶ የሚጓዝ ቤተ ሰብ፥ መኪናው በተሰበረ ጊዜ

በአውሮፓና በአሜሪካ የሚኖሩ ብዙ ቤተ ሰቦች፥ የዕረፍት ጊዜያቸው በደረሰ ቁጥር፥ በአውቶሞቢላቸው ኋላ ተሳቢ ቤት አስረው መጓዝን ልማድ አድርገውታል። ተሳቢ ቤት የምንለው መኝታውም፥ ማድቤቱም፥ የውሃ ገንዳውም በውስጡ የሚገኝ፥ በሁለት ወይም በአራት ጎማ የሚሄደውን ትንሽ ቤት ነው። ድንበር ለሚያልፍ፥ ይልቁንም በመርከብ አስጭኖ ወደ ሌላ ክፍለ ዓለም ለሚሻገር ቤተ ሰብ ይህ ቤት የማደሪያ ፍለጋን ድካም ያስቀርለታል። ነገር ግን ቤቱን በጎማ ላይ ያደረገ ሰው፥ ጎማው የቆመ ዕለት ቤቱም ከነልጆቹ መንገድ ዳር እንደሚቆም አስቀድሞ ሊያስብ ይገባዋል። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን መኪናው እንዳይሰበር ስለሚደረገው ጥንቃቄና፥ የተሰበረም እንደ ሆነ ስለሚያስፈልገው ዝግጅት ጥቂት ለመናገር አሰብን።

የጥንቱ የአገራችን ሲራራ ነጋዴ ይህን ነገር አጥርቶ ያውቀው ነበር። ረጅም መንገድ ለመውጣት የተነሣ ነጋዴ ትርፍ አጋሰስና ትርፍ መጫኛ ሳያስከትል መሄድን እንደ ድፍረት ይቈጥረዋል፤ ያነከሰችውም በቅሎ ሸክሟ ለሌላይቱ ይደለደላል እንጂ ነጋዴው ሁሉ ቆሞ አይጠብቅም። ደግሞም ብቻውን አይጓዝም ነበር። ይህን የመጨረሻውን ቃል አንባቢ ልብ ይበልልን፤ ኋላ እንመለስበታለንና።

በተሳቢ ቤት ከተደረጉት ጉዞዎች ሁሉ ስሙ የገነነው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1959 ዓ.ም. ተጀምሮ በ1960 ዓ.ም. የተፈጸመው ጉዞ ነው (ከዚህም በኋላ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ዋሊ ባያም የተባለው አሜሪካዊ፥ ኤርስትሪም የሚባለውን ከአሉሚኒየም የሚሠራ ተሳቢ ቤት ያቋቋመው ሰው፥ 41 ተሳቢ ቤቶችንና ከመቶ በላይ ሰዎችን መርቶ ከኬፕታውን ተነሥቶ በሮዴሽያ፥ በቤልጅግ ኮንጎ፥ በኡጋንዳና በኬንያ አልፎ ወደ አገራችን ገባ። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በአዲስ አበባ ተቀብለው አነጋገሩት። ከዚያም በሱዳን አድርጎ ካይሮ ደረሰ፤ ተሳቢ ቤቶቹ በጊዛ ፒራሚዶች አጠገብ ተሰልፈው የተነሡት ፎቶግራፍ ዛሬም ይታያል። ከተጓዦቹ የሚበዙት ከሥራ ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት ነበሩ እንጂ ጀብደኛ ወጣቶች አልነበሩም። መንገዱም በብዙ ስፍራ አስፋልት የማያውቀው፥ በዝናብ ጊዜ ጭቃ፥ በበጋ ጊዜ አቧራና ድንጋይ የሆነ ነበር። እንዲህ ባለው መንገድ የተያዘውን እየጎተቱ፥ የተሰበረውን እየጠገኑ ሊወጡት የቻሉት መኪናቸው ስለማይሰበር አይደለም፤ ብዙ ስለ ነበሩ ነው። ያንዱ መኪና ቢቆም የሌላው ይጎትተዋል፤ አንዱ መፍቻ ቢያጣ ጎረቤቱ ያውሰዋል፤ አንዲት እናት ብትታመም ሌላይቱ ልጆቿን ትመግባለች።

ዛሬ ብቻውን የሚወጣ ቤተ ሰብ እነዚያ አርባ ጎረቤቶች የሉትም። እርግጥ ነው፥ በእጅ የሚያዝ ስልክ አለው፤ ያን ጊዜ መኪናን ይውጥ የነበረው የናይሮቢና የአዲስ አበባ መንገድም በሞያሌ በኩል አስፋልት ለብሶአል። ግን አስፋልት ጭቃውን አስቀርቶ ፍጥነትን አመጣ፤ ፍጥነትም ሙቀትን ያመጣል፤ ሙቀትም የተሳቢ ቤት ጎማና ኩሽኔታ ዋነኛ ጠላት ነው። ስለዚህ አርባው ጎረቤት ይሠራው የነበረውን ሥራ ዝግጅት እንዲሠራው ያስፈልጋል።

ከሁሉ አስቀድሞ ስለሚጎትተው አውቶሞቢል እንናገር። ብዙ ሰው የሚመርጠው አዲስና ኃይለኛ የሆነውን ነው። እኛ ግን የሚሄዱበት አገር መካኒክ የሚያውቀውን መኪና መምረጥ ይሻላል እንላለን። በምሥራቅ አፍሪካ መንገድ ለሚጓዝ ሰው የቶዮታ ላንድክሩዘር ወይም የሃይሉክስ መለዋወጫ በትንሽ ከተማ ሳይቀር ሲገኝ፥ በዚያ አገር ከቶ ያልተሸጠ የአሜሪካ ካሚዮን ግን አንዲት የውሃ ፓምፕ በአውሮፕላን እስክትመጣለት ሳምንታት ሊቆም ይችላል። ሁለተኛም ነገር አለ። በቅርብ ዓመታት በአውሮፓና በአሜሪካ የተሠሩት የናፍጣ መኪናዎች የጭሳቸውን ጥቀርሻ የሚያጣራ መሣሪያ ስለ ተገጠመላቸው፥ ዲኝ የበዛበትን ናፍጣ አይችሉም፤ እንዲህ ያለው ናፍጣ ደግሞ በብዙ አገሮች ይሸጣል። መኪናው ከሚሠራበት አገር ሲወጣ ሊበላው የማይችለውን ምግብ ሊያገኝ ይችላልና፥ የሚሄዱበትን አገር ነዳጅ አስቀድሞ መጠየቅ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የሸክም ነገር ነው፤ በዚህ ላይ ከብዙ ሰዎች ጋራ አንስማማም። «ምናልባት ያስፈልገኛል» እያሉ ጋራዡን ሁሉ በተሳቢው ቤት የሚጭኑ አሉ። ይህ በሽታን ሸሽቶ መርዝ እንደ መጠጣት ነው፤ የሸክም መብዛት ራሱ ባሌስትራ የሚሰብር፥ ጎማ የሚያፈነዳ ነውና። የቤት እመቤትም ብትሆን ከብረት ድስትና ከሙቀጫ አንዱን መርጣ ሌላውን ታስቀር። ተሳቢው ቤት ሙሉ በሙሉ ተጭኖ፥ ውሃውም ተሞልቶ፥ በመኪና ሚዛን ላይ ይመዘን፤ ክብደቱም በፋብሪካው ሰሌዳ ላይ ከተጻፈው አይለፍ። ከባዱ ዕቃ ከጎማዎቹ በላይና ከፊት ይሁን እንጂ በኋላ አይሁን፤ ኋላው የከበደ ተሳቢ ቤት በፍጥነት ጊዜ እንደ ጅራት ይወዛወዛል፤ መወዛወዙም ከበረታ አውቶሞቢሉን ከነሰዎቹ ይገለብጣል።

ጎማ። የተሳቢ ቤት ጎማ ሳያልቅ ያረጃል፤ ይህን የማያውቁ ብዙ ናቸው። በዓመት ጥቂት ሳምንት ብቻ ስለሚሄድ ጥርሱ አዲስ መስሎ ሲታይ፥ ላስቲኩ ግን በፀሐይና በመቆም ብዛት ውስጡ ይሰነጠቃል። በጎማው ጎን ከተጻፉት ቁጥሮች የመጨረሻዎቹ አራቱ የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ያመለክታሉ፤ 2319 ቢል በ2019 ዓ.ም. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው ማለት ነው። አዋቂዎች ከ5 ዓመት በኋላ እንዲለወጥ፥ ከ7 ዓመት እንዳያልፍ ይመክራሉ። ስኮርታውም እንዲሁ ይታይ፤ ከቤቱ ሥር ለ10 ዓመት ተሰቅሎ የኖረ ስኮርታ ስሙ ነው እንጂ ጎማ አይደለም። ነፋሱ የሚለካው ጎማው ሳይሞቅ፥ በማለዳ ከመነሣት በፊት ነው። ሞቆ የተለካ ጎማ ብዙ ነፋስ ያለው መስሎ ያታልላል፤ ባለቤቱም ያተነፍሰውና የባሰ እንዲሞቅ ያደርገዋል። በአሜሪካ የሚሸጡት አንዳንዶቹ የተሳቢ ጎማዎች በሰዓት ከ65 ማይል፥ ማለት ከ104 ኪሎሜትር ገደማ በላይ እንዲሄዱ አልተሠሩም፤ ይህን ሳያስብ የሚነዳ ሰው ጎማው ሲፈነዳ ፋብሪካውን ይወቅሳል።

እንግዲህ እቤት ሳላችሁ፥ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፥ የተሳቢውን ቤት አንድ ጎማ አውልቃችሁ መልሱ። የአውቶሞቢሉ ክሪክ ቤቱን ያነሣዋልን? የአውቶሞቢሉ የጎማ መፍቻ በቤቱ ዳዶ ላይ ይገባልን? ብዙ ጊዜ መልሱ አይደለም ነው፤ ይህንም በጨለማና በዝናብ ከመማር በገዛ ግቢ መማር ይሻላል። ይህን ልምምድ አባት ብቻውን አያድርገው፤ እናትም፥ ከ12 ዓመት በላይ የሆኑ ልጆችም ይሥሩት። ጎማ በተለወጠ ጊዜ ዳዶዎቹ 80 ኪሎሜትር ያህል ከተሄደ በኋላ እንደ ገና መጥበቅ አለባቸው፤ ይህን የረሱ ሰዎች ጎማቸው ቀድሟቸው ሲሄድ ያዩ አሉ።

አሁን ወደ ኩሽኔታው እንምጣ፤ ከመንገድ ላይ ብልሽቶች ሁሉ በቀላሉ ሊከለከል ሲችል ብዙ ሰው የሚያስቀረው ይህ ነውና። ጎማው በአክስሉ ላይ የሚዞረው በኩሽኔታ ነው፤ ኩሽኔታውም በግራሶ ይኖራል። ግራሶው ሲያልቅ ወይም ውሃ ሲገባበት ብረት ከብረት ይፋጫል፥ ይግላል፥ በመጨረሻም ይቀልጣል፤ ጎማውም ከነከበሮው ይወጣል። ከረጅም ጉዞ በፊት፥ ቢያንስም በዓመት አንድ ጊዜ ወይም በ20,000 ኪሎሜትር ገደማ፥ ተፈትቶ፥ ታጥቦ፥ በአዲስ ግራሶ ይሞላ። በመንገድም ለቡና በተቆመ ቁጥር የእጅን ጀርባ ወደ እያንዳንዱ ጎማ መካከል ማስጠጋት ጥሩ ልማድ ነው። ሁሉም ሞቅ ቢሉ ፍሬን ያሞቃቸዋልና አያስደነግጥም፤ ከጓደኞቹ ይልቅ የሚያቃጥል አንድ ካለ ግን ጉዞው በዚያው ይቁም። ለአንድ ጎማ የሚበቃ ሙሉ ኩሽኔታ ከነጎሚኒው፥ በግራሶ ተቀብቶ በጣሳ ታሽጎ መያዝ ከማናቸውም መለዋወጫ ይበልጣል፤ በፖስታ ሲላክ በጉምሩክ የሚዘገየው፥ በእጅ ሲያዝ ግን አንድ ኪሎ የማይሞላው ዕቃ ይህ ነውና። በብዙ የአውሮፓ ተሳቢ ቤቶች ላይ ግን ኩሽኔታው የታሸገ ስለ ሆነ በጋራዥ እንጂ በመንገድ ዳር አይፈታም፤ የእናንተ የትኛው እንደ ሆነ ከመነሣታችሁ በፊት ጠይቁ።

ከአሜሪካ ወደ አውሮፓ፥ ወይም ከአውሮፓ ወደ አሜሪካ ቤቱን በመርከብ የሚያሻግር ሰው ሌላ መከራ ያገኘዋል፤ ዕቃዎቹ እርስ በርሳቸው አይግባቡም። የአውሮፓ የመጎተቻ ራስ 50 ሚሊሜትር ነው፤ በአሜሪካ ከተለመዱት አንዱ 2 ኢንች፥ ማለት 50.8 ሚሊሜትር ነው። ሲያዩአቸው አንድ ይመስላሉ፤ ግን የአንዱ ጋንቾ በሌላው ራስ ላይ በትክክል አይያዝም። የአውሮፓ ተሳቢ ቤት ፍሬን የሚይዘው ቤቱ አውቶሞቢሉን በገፋው ጊዜ በራሱ ግፊት ነው፤ የአሜሪካው ግን ከአውቶሞቢሉ በሽቦ በሚመጣ ኤሌክትሪክ ነው። ስለዚህ የአሜሪካ ተሳቢ ቤት ያለው ቤተ ሰብ አውቶሞቢሉ በአውሮፓ ቢሰበርበት፥ ሊረዳው የመጣው ደግ ሰው ቤቱን በገዛ መኪናው ቢጎትተው ፍሬን የሌለውን ቤት ይጎትታል። በሜዳ ምናልባት ይሄድ ይሆናል፤ በአልፕስ ቁልቁለት ግን ሞት ነው። መጎተቻ መኪና በተጠራ ጊዜ ይህን አስቀድሞ መናገር፥ ቤቱም በጭነት መኪና ላይ ወጥቶ እንዲሄድ መጠየቅ ይገባል። የኤሌክትሪኩም ነገር እንዲሁ ነው፤ በአሜሪካ 120 ቮልት፥ በአውሮፓ 230 ቮልት ስለ ሆነ፥ መለወጫ ሳይኖር በአውሮፓ የተሰካ የአሜሪካ የቤት ዕቃ ሊቃጠል ይችላል። የጋዝ ሲሊንደር አፍም ከአገር አገር ይለያያል፤ ማድቤቱ በባዕድ አገር ጋዝ አጥቶ እንዳይዘጋ፥ ለልጆች ወተት ማፍያ የምትሆን ሌላ ትንሽ ምድጃ መያዝ ነው።

የቀሩትን በአጭሩ እናልፋቸዋለን፦ የሞተር ቺንጋ፥ የራዲያተር ጎማ ቧንቧ፥ ፊውዝ፥ አምፖል፥ ፒንሳ፥ ካቻቢቴ፥ ጠንካራ ሽቦ፥ የመጎተቻ ገመድ፥ የእጅ ባትሪ። የዘመኑ መኪና ሞተሩ ሲታመም ሕመሙን በቁጥር የሚናገር ስለ ሆነ፥ ቁጥሩን የምታነብ ትንሽ መሣሪያ በርካሽ ትገኛለች፤ መካኒኩና ተጓዡ ቋንቋ ባይግባቡ እንኳ ቁጥሩ ያግባባቸዋል። መርከብ የሚያስጭን ሰው ግን ይወቅ፤ ብዙ የመርከብ ኩባንያዎች በተሳቢው ቤት ውስጥ የግል ዕቃ እንዲቀመጥ አይፈቅዱም፥ ጋዙም ባዶ እንዲሆን ያዛሉ። የመለዋወጫው ሣጥን በምን እንደሚሄድ ከትኬቱ በፊት ይጠየቅ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ መኪናው ቢሰበርስ? የመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች የመኪናው ሳይሆኑ የልጆች ናቸው። መንከባለል እስከ ቻለ ድረስ ከመንገድ ይውጣ፤ ጎማው ቢበላሽም ይበላሽ፥ ጎማ ይገዛል። በፈጣን መንገድ ላይ ማንም ሰው በቆመው መኪናም ሆነ በተሳቢው ቤት ውስጥ አይቀመጥ። በትራፊክ በኩል ባለው በር ሳይሆን በዳሩ በኩል ተወርዶ፥ ልጆች ከብረቱ አጥር ማዶ፥ ከመኪናው ራቅ ብለው፥ ከአንድ ትልቅ ሰው ጋራ ይቁሙ። አንጸባራቂው ሰደርያ በመቀመጫው አጠገብ ይኑር እንጂ ከሣጥን በታች አይሁን፤ በፈረንሳይ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ሰደርያውንና የማስጠንቀቂያውን ሦስት ማዕዘን መያዝ በሕግ የታዘዘ ነው። በአገራችን ሾፌሮች መኪና ሲቆምባቸው ቅርንጫፍና ድንጋይ መንገድ ላይ ያኖራሉ፤ ቅርንጫፉስ መልካም ነበር፥ ድንጋዩን ግን ሳያነሡ የሚሄዱት ሌላውን መንገደኛ ያጠፋሉ። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ሁሉ የአደጋ ስልክ ቁጥሩ 112 ነው፤ ልጆችም ይወቁት።

የተሳቢ ቤት አንድ ጥቅም በዚህ ጊዜ ይገለጣል። አደጋ ከሌለበት ስፍራ ከቆመ፥ የተሰበረው አውቶሞቢሉ ቢሆን ማደሪያ አለ፤ የተሰበረው ቤቱ ቢሆን ሄዶ ዕቃ የሚያመጣ መኪና አለ። ግን ማን ይሂድ፥ ማን ይቅር? ይህ ጥያቄ በመንገድ ዳር በድካምና በቁጣ መካከል ሲነሣ ባልና ሚስትን ሲያጣላ ይታያል፤ ስለዚህ በቤት ሳሉ ይቈረጥ። የሚሄደው ሰው ፓስፖርቱን፥ ገንዘብና ውሃ ይያዝ፤ የሚቀሩትም የየራሳቸውን ፓስፖርት ይያዙ፤ ትንንሽ ልጆች ያለ ትልቅ ሰው አይቅሩ። ሰው በሚርቅበት አገር ስልክ የማይሠራበት ስፍራ ብዙ ነውና፥ የሚሄደው መቼ እንደሚመለስ ሰዓት ይናገር፤ ከዚያ ሰዓት ካለፈ የሚቀሩት ምን እንደሚያደርጉም አብሮ ይወሰን። በበረሃ መንገድ ለእያንዳንዱ ሰው ለጥቂት ቀን የሚበቃ የመጠጥ ውሃ ከገንዳው ሌላ በጀሪካን ተለይቶ ይቀመጥ፤ ገንዳ በመንገድ መናወጥ ይሰነጠቃልና።

ስለ እናቶች አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። በብዙ ቤተ ሰብ ቤቱን የሚያስርና የሚፈታ፥ ወደ ኋላም የሚነዳ አባት ብቻ ነው። ታዲያ ብልሽቱ የሞተር ሳይሆን የሾፌሩ ቢሆንስ? በሆዱ ሕመም ወይም በልቡ የወደቀ አባት፥ ተሳቢ ቤት የታሰረበትን አውቶሞቢል መፍታት የማትችል ሚስት አጠገቡ ብትቀመጥ፥ ሐኪም ቤት 20 ኪሎሜትር ቀርቦ ሳለ ሊሞት ይችላል። ቤቱን ፈትቶ አውቶሞቢሉን ብቻ ይዞ መሄድ የተማረ ሰው በጥቂት ደቂቃ የሚያደርገው ሥራ ነው። እግሮቹን ማውረድ፥ ጎማውን በሽብልቅ መያዝ፥ ሽቦውንና ሰንሰለቱን መንቀል፥ ጋንቾውን ማንሣት፤ ከዚህ የበለጠ የለውም። ሁለቱም በፈቃድ የሚነዱ፥ ሁለቱም የሚፈቱ ካልሆኑ ከአገር መውጣት አይገባም ብለን በግልጥ እንናገራለን። ዘወትር የሚወሰድ መድኃኒትም፥ ትርፍ መነጽርም ከቺንጋውና ከፊውዙ እኩል መለዋወጫ ናቸው።

በመጨረሻ የወረቀት ነገር ይቀራል። ብዙ አገሮች፥ ግብፅን የመሳሰሉ፥ መኪናን ያለ ቀረጥ ለጊዜው ለማስገባት ካርኔ ደ ፓሳዥ የሚባለውን የጉምሩክ ደብተር ይጠይቃሉ። ይህ ደብተር መኪናው በገባበት ዓይነት እንደሚወጣ ዋስትና ነው። ስለዚህ መኪናው ቢሰበር፥ «ይቅርብኝ» ብሎ ጥሎት መምጣት አይቻልም፤ ካልወጣ ቀረጡ ከባለቤቱ ይጠየቃል፥ ያም ከመኪናው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። የደብተሩ ዘመን ብዙውን ጊዜ አንድ ዓመት ስለ ሆነ፥ ጥገናው ከዘገየ ከማለቁ በፊት ለሰጠው የአውቶሞቢል ማኅበር ማስታወቅ ያስፈልጋል። የመድን ውሉንም ስታነቡ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፤ አውቶሞቢሉን ብቻ ነውን ወይስ ተሳቢውንም ይረዳል? የቤቱ ርዝመትና ክብደት ከተወሰነው አያልፍምን? ጥገናው ቢዘገይ ቤተ ሰቡን ወደ አገሩ ይመልሳልን?

የሁለቱንም የሻሲ ቁጥር፥ የጎማውን ልክ፥ የኩሽኔታውንና የቺንጋውን የፋብሪካ ቁጥር፥ የመድኑን ውልና የፓስፖርቶቹን ቅጂ በአንድ ወረቀት ጽፋችሁ አንዱን በኪስ፥ አንዱን በስልክ ያዙ፤ ሦስተኛውን በአገር ቤት ለሚቀር ዘመድ ስጡ። ዘመዱም ዕቃ ገዝቶ ለመላክ የሚችል፥ ሌሊትም ስልክ ቢደወልለት የሚያነሣ ይሁን።